ቀዛፊዋ

ትልቅ መርከብ ያስፈራል ይባላል። አያስፈራም። ትልቁ ከሩቅ ይታያል፤ ከሩቅ የታየ ነገር ደግሞ መሸሻ ጊዜ ይሰጣል። የምታስፈራው ትንሿ ናት። ይህን የተማርኩት ባሕር አይቼ ሳይሆን፣ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ኮልፌ፣ አባቴ ሳሎን ውስጥ ነው።

አንድ የባሕር ኃይል ሰው እህቴን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሰው ሰላም ሲለው ኪሱን የሚዳብስ። የጦር መርከብ ላይ ይሠራል ሲሉት አላመነም። "ራሱ ይምጣና ያስረዳኝ" አለ። በልማዱ አግቢው ሽማግሌ ልኮ ይቀራል። ሰውየው ግን ከምጽዋ ፈቃድ ወስዶ፣ ነጭ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ የቀራንዮን ጭቃ እየዘለለ መጣ። ፎቶ አወጣ። አባቴ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

"ይቺ ናት?"

"አዎ ጋሼ፣ ጀልባችን ይቺ ናት።"

"ጀልባ?" አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "መርከብ አላላችሁኝም?"

"እኛ ጀልባ እንላታለን እንጂ የጦር መርከብ ናት። ፊቷ ላይ መድፍ አላት፤ በጨለማ የሚያይ ራዳርም አላት።"

"ስሟስ?"

"ቁጥር ነው ያላት።"

"እንደ ታክሲ!"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው እህቴ አልሳቀችም።

"ስንት ሰው ትይዛለች?"

"ሃያ ብንሆን ነው።"

"የአስኮ አውቶቡስ ይበልጣታል በለኛ።"

ሰውየው ፈገግ አለ። "ልክ ነዎት። ግን ትልቁ መርከብ የማይደፍረው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ትገባለች። ደሴቶቹ መሃል ሞተሯን አጥፍታ ታደባለች። አንዴ ከተነሳች የሚያመልጣት የለም።"

"ማን ላይ ነው የምታደባው?"

"ኮንትሮባንዲስት ላይ ነው፤ በተለይ ጨርቅ የሚያሻግሩት ላይ።"

አባቴ ፎቶውን ፍም እንደያዘ ሰው በጣቱ ጫፍ መለሰለት።

"ልጄን ለጀልባ ቀዛፊ አልሰጥም" አለ።

እስከዚያ ቀን የሱቃችን ጨርቅ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ጣቃ በዘረጋሁ ቁጥር ጨው ጨው ይሸተኝ ጀመር።

"ቀዛፊ" የሚለው ቃል ግን ሳምንት ሳይሞላው ሰፈሩን አዳረሰ። እህቴ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ እምቢ ብላ መለሰች፤ ሰፈሩም "ቀዛፊዋ" አላት። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ ቅጽል ስሟ አልሞተም።

ያቺ ጀልባ መቅዘፊያ አልነበራትም። ኮልፌ ስትመጡ እህቴን በስሟ ጥሯት።