ዳገት ላይ የምትፈላው ፒካፕ

የአባቴ አሮጌ ናፍጣ ፒካፕ ዳገት ላይ መፍላት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነበር። አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ሰው ነው። ከእርሻ ወጥቶ ሾፌር የሆነው በእሷ ነው፤ ከቢላ ከተማ ነቀምቴ በቆሎ የሚያመላልሰውም በእሷ። «እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ» ስለሚል፣ ሽጣት ብሎ የሚደፍረው አልነበረም።

እኔ ደግሞ መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው ባይ ነኝ። አንዱ ራዲያተሩ ተደፍኗል አለን፤ አሳጠብነው። ሌላው የውሃ ፓምፑ ነው አለ፤ ቀየርነው። ሦስተኛው ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ተጣሟል፣ ይውረድ ሲል ተጣላሁት። ያንኑ ዳገት ያንኑ ጭነት ይዤ እኔ ስወጣ አትፈላማ! አባቴ ሲነዳ ብቻ ነው እንፋሎቷ የሚወጣው። «አንተን ጠልታሃለች» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

በመጨረሻ ነቀምቴ መውጫ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ፣ አባቴ ራሱ እንዲነዳ ጠየቁ። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ከነጭነታችን ወጣን። ዳገቱ ሲጀምር አባቴ በአራተኛ ማርሽ ቀጠለ። ሞተሩ ያቃስታል፣ መኪናዋ ትንፏቀቃለች፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ ይወጣል። የአባቴ እጅ ማርሹን ይዟል፤ ግራ እግሩ ግን ከወለሉ አልተነሳም።

መካኒኩ ዳር አስያዙንና እስክትበርድ ጠበቅን። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር፣ ፓምፑና ማራገቢያውም አብረው እንደሚዘገዩ፣ ውሃውም ሳይበርድ እንደሚፈላ አስረዱን። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ጠየቁት።

«አባኮ፣ ሞተሩ ፈያ ነው፣ ምንም አልሆነም። ጉልበትዎን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?»

 አባቴ ግራ ጉልበቱን ያዝ አድርጎ፣ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ደጋግሞ መርገጥ ካቃተው ዓመት እንደሆነው፣ ቢነግረን መንዳት እንከለክለዋለን ብሎ እንደፈራ ተናገረ።

«ምነው ራዲያተሩ በሆነ ብዬ ስንቴ ጸለይኩ መሰለህ» አለኝ።

አፈርኩ። መካኒክ ስሰድብ ስከርም የገዛ አባቴ እንደሚያነክስ አላየሁም።

ከአባቴ ጋር ቦታ ተቀያየርን። የዳገቱ መጠምዘዣ ጋ ሳንደርስ፣ ሞተሩ ገና ሳያቃስት፣ አባቴ ቀስ ብሎ «አሁን ቀንስ» አለኝ። ሦስተኛ አስገባሁ። መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ ሳትል ዳገቱን ጨረስን። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያለቅስ ነበር።