አጥበን የበላነው ጨው

በመጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም፤ የሸሚዜ የአንገት ቁልፍ አልገባ አለ። ያን ጊዜ አቃቂ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። እናቴም እንቅርት ነበራትና የዘር ነው ብዬ እብጠቱን በሻርፕ ሸፈንኩት። ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር እንኳ ሳንነጋገርበት ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ድምፄ ሻከረ። በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ አጠረኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ ድምፄ ተቋረጠ። ተማሪዎቹ ጠበቁኝ። አልወጣም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ያየችኝ ሐኪም አንገቴን ዳስሳ፣ አልትራሳውንዱንና የደም ምርመራውን ካየች በኋላ አልሸፋፈነችልኝም።

«የታይሮይድ ዕጢዎ አብጦ የመተንፈሻ ቧንቧዎን ተጭኗል። በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዕጢው ሥር ያልፋል፤ እንጠነቀቃለን፣ ቃል ግን አልገባልዎትም።»

ከድምፄ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም። ፈረምኩ።

ስነቃ ጉሮሮዬ ይነድዳል። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ፣ «እስቲ ስምዎን ይንገሩኝ» አለችኝ። ፈራሁ። ሞከርኩ። ስሜ ወጣ፤ ቀጭን፣ ግን የራሴ ድምፅ።

«በሽተኛ ባይኖርበት ክፍሉን በእልልታ አቀልጠው ነበር!» አለች አስካለ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ ስለምንበላው ጨው ጠየቀች። አስካለ በኩራት፣ «አዮዲን ያለበትን ነው የምንገዛው። አቧራው እንዲለቅ ሦስቴ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ» አለች።

«እትዬ አስካለ፣ አዮዲኑን እኮ ከውሃው ጋር ደፉት! እሱ ሲጎድል ነው ይህ ዕጢ የሚያብጠው።»

ዕጢዬን ያሳበጠው ይህ ብቻ ነው አላለችም። ሆኖም ጨው ሳይታጠብ በቤታችን እንዳይበላ አጥብቄ የማዝዘው እኔ፣ የተማርኩት ሰው፣ ነበርኩ።

ዕጢው በሙሉ ስለወጣ በየማለዳው በባዶ ሆዴ የዕጢውን ሥራ የሚተካውን የታይሮክሲን ኪኒን እየዋጥኩ፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላም ጮክ ብዬ ለአስካለ ጋዜጣ እያነበብኩ ክረምቱን አሳልፌ፣ ትምህርት ሲከፈት ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተማርኩ። በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተንፍሼ የማላውቀው እኔም ተነሥቼ ስለ ጨው ተናገርኩ።

ባለሱቃችን ሸምሱ ከኋላ፣ «ጋሼ፣ አንዴ ከጀመሩ ማን ያስቁምዎት!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አላቆምኩም። በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶቻችን አንገታቸውን ሊያስመረምሩ አብረውኝ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ያከመችኝን ሐኪምና ያስታመመችኝን አስካለን አመሰግናለሁ። አንገታችሁ ያበጠ ሁሉ ተመርመሩ፤ ያደገን ዕጢ ጨው ብቻውን አያጠፋውም። አዮዲን ያለበትን ጨው አትጠቡት፤ ከድናችሁ አስቀምጡት፣ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ኀፍረቱን ለእኔ ተዉት፤ ለሁላችሁም የሚበቃ አፍሬያለሁ።