የያርጋል የኋላ ካሜራ

ደባርቅ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚገባው ሰው ማን ነው ብለህ ብትጠይቅ፣ ከአምስት ሰው አራቱ ወደ ደብረወርቅ ጋራዥ ይጠቁሙሃል። አምስተኛው ቅናተኛ ነው። ደብረወርቅ እጇ ፈጣን፣ ንግግሯ አጭር፣ ቂሟ ግን ረጅም ነው።

ቂሙ የአባቷ ነው። አያ ሻረው ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጊች ተወልደው፣ ጨነቅ ካምፕ ላይ ሠላሳ ዓመት የፈረንጅ እንግዶች ዕቃ በበቅሎ የጫኑ ሰው ናቸው። አምና በጥቅምት ወር አንድ እንግዳ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ዳማ በቅሏቸውን ገፍቶ ገደል ከተተባቸው። እሳቸውም በንዴት ሹፌሩን አንድ ዱላ አቀመሱትና ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሹፌሩ፣ ያርጋል የሚሉት የጎንደር ልጅ፣ የቄስ ዓለምብርሃንን መስቀል ጨብጦ ማለ። «የኋላ ካሜራዬ ትንኝ እንኳ አያመልጠውም። እያየሁበት ነው የሄድኩት። በቅሎዋን ለቀዋት ከጎን ደንብራ ገባችብኝ» አለ።

ለአያ ሻረው ተራ ሲደርስ፣ «ልጓሟን ይዤ፣ ቁም እያልኩ ስጮህ ነበር። ግን የእግዜርን ስም ለበቅሎ ነገር አልጠራም» ብለው መሐላውን እምቢ አሉ። የማለው ረታ፣ ያልማለው ተረታ። እንደ ወጉ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ያርጋል እግር ሥር ወድቀው ይቅርታ ለመኑ፤ ፈረንጆቹም ፎቶ አነሷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨነቅን አልረገጡም። ጎንደር ትሠራ የነበረችው ደብረወርቅ ልትጦራቸው ደባርቅ ስትመጣ፣ አባቷ ሰው ፊት መቅረብ ትተው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በጓሮ መንገድ የሚሄዱ ሆነው አገኘቻቸው። ስማቸውን ሳልመልስ አልሞትም ያለችው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያርጋል ራሱ ያችኑ መኪና እየነዳ ጋራዧ ገባ። አላወቃትም። እሷ ግን ታርጋውን በቃሏ ታውቀዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«እህቴ፣ ባለቤቱ ሊሸጣት ነው፤ ገዢው ደግሞ የኋላ ካሜራው ካልሠራ ብሎ አስቸገረን። ሪቨርስ ሳስገባ ስክሪኑ ጥቁር ነው» አላት።

ደብረወርቅ ደሟ ፈላ። መፍቻውን አንስታ ግንባሩን ብትለው ደስ ባላት፤ ነገር ግን ሥራዋን ጀመረች። ፊውዙን አየች፣ ደህና ነው። ሪቨርስ እንዲያስገባ አድርጋ የኋላ አምፖሉ መብራቱን አረጋገጠች። ከመደርደሪያ ሌላ ካሜራ አምጥታ ስክሪኑ ላይ ስትሰካው ጥርት ብሎ አሳየ። ስለዚህ ስክሪኑም ጤነኛ ነው፤ ችግሩ መሐል መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። የኋላውን በር ከፍታ ሽቦው የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ ስትገልጥ፣ ሽቦው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ተበጥሶ፣ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ አገኘችው።

ሁሉም ባለሙያ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ኧረ ምኑን እደብቅሻለሁ! እኔ እጅ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን አሳይታኝ አታውቅም» አለ እየሳቀ።

ደብረወርቅ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ፊቷን ቢያየው ኖሮ መኪናውን ትቶ በሮጠ ነበር። «ለዚህ የሚሆን ሽቦ ነገ ነው የሚመጣልኝ። መኪናዋን እዚህ ተዋትና ነገ ጠዋት ና» አለችው። ሽቦው እኮ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ያርጋል ሲመጣ ሥራው አልቋል። «ግባና ሪቨርስ አስገባ» አለችው። አስገባ። ስክሪኑ በራ። ከመኪናው ኋላ ቄስ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከጎናቸው አያ ሻረው ዱላቸውን ተደግፈዋል።

«ጥርት ብሎ ይታያል?» አለች ደብረወርቅ። «ሻረው አባቴ ነው።»

ቄሱ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። «የተበጠሰውን ሽቦ አሳይታኛለች። ለእሷ የነገርከውን ለእኔ ንገረኝ። ስትምል ካሜራህ ያይ ነበር?»

«አያይም ነበር፣ አባ። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው። ይፍቱኝ።»

«ሻረው ቁም እያለ ሲጮህስ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ስለ ምን አልቆምክም?»

ያርጋል መሪውን አቅፎ አቀረቀረ። «ባላገር ሁልጊዜ ይጮኻል ብዬ ነው» አለ።

ቄስ ዓለምብርሃን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስትምል በነበሩት ሽማግሌዎች ፊት ይህንኑ ትደግማለህ ብለው አዘዙት። ደብረወርቅ ግን እሁድን የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ፒንሳዋን ይዛ ወደ ኋላ ሄደችና የቀጠለችውን አዲሱን ሽቦ ቆረጠችው። ስክሪኑ ጠቆረ።

«እንዳመጣሃት ውሰዳት» አለችው።

ከጋራዡ የሚያስወጣው መንገድ ጠባብ ነው፤ ባንድ በኩል ግንብ፣ ባንድ በኩል ጥልቅ ቦይ አለው፤ መውጫውም በሪቨርስ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ና፣ ና» የሚል ሰው አይጠፋም። ዛሬ ማንም ከቆመበት አልተነቃነቀም። ያርጋል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቢያይ ቢያይ ጎማው ቦዩ አፍ ላይ ደርሷል።

በዚህ ጊዜ እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሱት አያ ሻረው ሄደው ከመኪናው ኋላ ቆሙ።

«ና» አሉ። መኪናው አንድ ክንድ ሄደ።

«ወደ ግንቡ ያዝ። ና።» ሄደ።

«ቁም!»

ፍሬኑን በሁለት እግሩ ነው የረገጠው። አያ ሻረው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በዋናው መንገድ፣ ያገኙትን ሁሉ ቀና ብለው ሰላም እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«አባቴ፣ ልምጣ?» አለ ያርጋል ከኋላቸው፣ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ። «ልምጣ ወይ?»

ዞር ብለው አላዩትም።