ባዳ ይያዛት

ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለች ትምህርት ቤት ስመደብ፣ የዳባት ልጅ ስለሆንሁ ሩቅ የሄድሁ አልመሰለኝም ነበር። ዘመድ የሌለው ሰው በቅርብ አገርም ባዳ መሆኑን ያወቅሁት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳስረዳ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴን ከፍቼ ስገባ የምነግረው ሰው የለም። የነገውን ትምህርት አዘጋጃለሁ፣ ጠመኔዎቼን በቁመታቸው እደረድራለሁ፣ ከግድግዳው ማዶ የአከራዬን ቤተሰብ ጨዋታ እሰማለሁ።

በጥር የአከራዬ ምራት ሴት ልጅ ወለደች።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ሕፃን በወር ከአሥራ አምስት ቀኗ ጭኗ ላይ የሚሰጠውን ክትባት ትጀምራለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው ግን በሰማንያ ቀኗ ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ እስከዚያ እናትና ልጅ ከደጅ አይወጡም። ጤና ኬላው ከወንዙ ማዶ ነው። በዚያ ሰሞን ከጎረቤት የትክትክ ሳል ይሰማ ነበር። ክትባቱ ከሚከላከላቸው በሽታዎች አንዱ የሆነው ትክትክ ትልቅ ልጅን ያደክማል፤ እንዲህ ያለችን ጨቅላ ግን ትንፋሽ ያሳጣታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ሳጥኗን ይዛ ቤት ድረስ ልትመጣ ተስማማች። እኔም ለአከራዬ ክትባት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በሥዕል ጭምር አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ይሁን፣ ገባኝ። ለሕፃኗም ንገሪያት እንጂ፤ የምትወጋው እሷ ናት» አሉኝ። ምራታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች።

ያልጠበቅሁት ችግር የመጣው መርፌው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። በዚያ ቤት ሕፃን የሚያሳምም ነገር ሲደረግባት የሥጋ ዘመድ አይይዛትም፤ የያዛትን እጅ ትቀየማለች፣ ጡትም እምቢ ትላለች ይባላል። እናቷ እጇን ሰበሰበች። አያቷ፣ አከራዬም፣ ወደ ኋላ አሉ። አባቷ በቅሎ ጭኖ ቱሪስት ተከትሎ ጨነቅ ወደሚባለው የተራራ ሰፈር ወጥቷል፤ ቢኖርም ያው ሥጋዋ ነው። ሠራተኛዋ ብቻዋን ይዛ መውጋት እንደማትችል፣ ዛሬ ካልሆነም የምትመለሰው በወሩ መሆኑን ነገረቻቸው። ከጎረቤት ያ የትክትክ ሳል ተሰማ። አከራዬ ቤቱን ሲቃኙ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አስተማሪዋ ትያዛት። ባዳ ናት፤ ብትቀየማትም ግድ የለም።»

ስድብ አልነበረም። መፍትሔ ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጥሁና ሠራተኛዋ እንዳሳየችኝ የሕፃኗን አንድ ክንድ በብብቴ ሥር አድርጌ፣ እግሯን አጥብቄ ያዝሁ። ሙቀቷ በሹራቤ አልፎ ደረቴ ላይ ደረሰ። ከመስከረም ጀምሮ ሰው ሰላም ሲለኝ እጄን ይጨብጠኛል እንጂ፣ ማንም እንዲህ ተደግፎኝ አያውቅም ነበር። ስትወጋ ጮኸች፤ ከዚያ ለቅሶው እየሳሳ ሄዶ፣ ለመርፌው የያዝኋትን እኔኑ ተደግፋ ዝም አለች።

እናቷ እጇን ዘረጋች። ሳልሰጣት ቆየሁ መሰለኝ፣ «ስጪኝ እንጂ» አለችኝ እየሳቀች።

ሁለተኛው ዙር ከወር በኋላ ነበር። ያን ቀን ተማሪዎቼን እንደ ሸኘሁ በፍጥነት መጣሁ። አከራዬ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ክትባቱ ማለፉን፣ ወደ ገበያ የምትወርድ አንዲት የማያውቋት የጃናሞራ ሴት ከመንገድ ጠርተው ሕፃኗን እንዳስያዟት በደስታ ነገሩኝ።

«እኔን ለምን አልጠበቁኝም?»

«አንቺንማ እንዴት አድርገን?» አሉኝ፣ መጠየቄ ገርሟቸው። «የእኛው ሰው ሆነሽ የለም እንዴ? ልጅቱ አንቺን ትቀየም?»

ሕፃኗን ልያዛት አልኋቸው። ተኝታለች አሉኝ።

ቤቴን ከፍቼ ገባሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተከትባለች፣ እኔም የቤት ሰው ተብያለሁ፤ ሁለቱም መልካም ነገር ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። የነገውን ትምህርት ስጀምር ሕፃኗ ከግድግዳው ማዶ ነቅታ አለቀሰች። አንድ ሰው አነሣት፤ ዝም አለች።