የችካል ግዝት

መንገድ ቀያሾቹ ወደ ቀበሌያችን ሲመጡ ማስተማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከሞላሌ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ያን ጊዜ እዚያ አገር መንገድ ማለት የበቅሎ ዱካ ነበር፤ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ የምትወሰድበት፣ ገብስ በአህያ የሚጫንበት። ስለዚህ ሰዎቹ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው ብቅ ሲሉ ደስ ያላለው ሰው አልነበረም። ከሁሉ ይበልጥ የተደሰትሁ ግን እኔ ነኝ። የሒሳብ መምህር ነበርሁ፤ ተማሪዎቼ “ይኼ ማዕዘን ምን ይጠቅማል?” ሲሉኝ የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም። አሁን መልሱ በእግሩ መጣልኝ።

የቀያሾቹ አለቃ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። ሕዝቡ “ኢንጂነር” ሲለው “ኧረ እኔ ቀያሽ ነኝ! ኢንጂነሩማ ውርጭ የማይደርስበት ቢሮ ተቀምጧል” ይላል። ከትምህርት መልስ እየሄድሁ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ እይዝለት ጀመር። እሱም ያስተምረኛል፤ እኔም ማታ በደብተሬ በሥርዓት እገለብጣለሁ። ቆረጣ፦ መንገዱ ከመሬቱ ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ የሚቆፈረው። ሙሌት፦ መሬቱ ጎድጓዳ ሲሆን አፈር የሚሞላው። መሐል መስመር፦ መንገዱን ግራና ቀኝ እኩል የሚከፍለው። የመንገድ ክልል፦ ከመሐል መስመሩ ወዲህና ወዲያ ለመንገዱ የሚከለለው መሬት፤ በኛ በኩል በየጎኑ አሥር ሜትር። እነዚህን አራት ቃላት ሳውቅ መንገዱን ራሴ የምሠራው መሰለኝ።

የምኖረው ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ፣ በትንሿ ጎጆ ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ትልቁ ቤታቸው ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነው፤ ሣሩ ጠቁሮና በስብሶ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። በዚያ ዓመት ደግሞ ለስንት ዘመን ተከልክሎ የቆየው የቤት መክደኛ ሣር፣ ጓሳው፣ ለአጨዳ ተከፍቶ ነበር። ጓሳ አንዴ ከታጨደ በኋላ መልሶ እስኪከፈት ዓመታት ያልፋሉ። እማማ ድርሻቸውን አሳጭደው ከጓሮ ከምረውታል፤ ግን አይከድኑም። ችካሎቹ ከቤታቸው በታች፣ በገብሱ ማሳ ጠርዝ ተተክለው አይተዋል።

“መምህር፣ አንተ ከሰዎቹ ጋር ትውላለህ” አሉኝ አንድ ቀን። “ቤቴን የሚያፈርሱት ከሆነ ሣሩን አልነካውም፤ ለሌላ ጎጆ ይሆነኛል። አንዴ ከተከደነ በኋላ ቢነቅሉት ይሰባበራል፣ እብቅ ነው የሚሆነው። እውነቱን ጠይቅልኝ።”

ጠየቅሁት። ቀያሹ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ “ይኼ ቀይ ቀለም የተቀባው ችካል መሐል መስመሩ ነው። አሥር ሜትር ቁጠርና ራስህ ድረስበት፤ መምህር አይደለህ?” አለኝ። ሜትሩን ተቀብዬ ለካሁ። ከችካሉ እስከ እማማ ግድግዳ አሥራ አንድ ሜትር ሆነ። ተረፈ።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን ወግቶኝ ነበር። በየችካሉ ጀርባ ቁጥር ተጽፏል፤ አሥራ አራት፣ ቀጥሎ አሥራ አራት፣ ከዚያ አሥራ ሦስት፣ ከዚያ አሥራ አምስት። “ተራ ቁጥር ከሆነ ለምን ይደጋገማል?” አልሁት።

“የቀን ሠራተኞቹ ናቸው፣ ሲጽፉ ይሳሳታሉ” አለና ሳቀ። “አንተ ብታስተምራቸው ኖሮ!”

እኔም ሳቅሁ። የተማሪን ደብተር ለአንዲት የተዘለለች ቁጥር በቀይ የማሰምር ሰው፣ ያን አልፌ ሄድሁ።

በሳምንቱ ችካሎቹ መጥፋት ጀመሩ። አብዛኛው በክፋት አይደለም። የኛ አገር ዛፍ የለውም፤ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሾለ እንጨት ሜዳ ላይ ቆሞ ሲገኝ በግ ይታሰርበታል። ቀይ ቀለም ያለበትን ችካል ጓሮዋ ተክላ አውራ በግ ያሰረች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ። “መንግሥት ለበጌ ካስማ ላከልኝ” አለችኝ። አንዳንዱ ግን መሬቱ የሚሄድበት መስሎት ሆን ብሎ ይነቅላል። ቀያሹ ተናደደ፤ አንዱን ቦታ ሦስቴ ለካ። በመጨረሻ “አንተን ነው የሚሰሙት፤ አስረዳልኝ” አለኝ።

ይህን ነበር የምጠብቀው። በወሩ በዓል ቀን ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንደቆመ፣ በከዘራ መሬት ላይ መስመር አሰመርሁ። ቆረጣውን፣ ሙሌቱን፣ መሐል መስመሩን፣ የግራና የቀኙን አሥር ሜትር አንድ በአንድ አስረዳሁ። ማን ስንት ክንድ ማሳ እንደሚነካበት፣ የማን ቤት እንደሚተርፍ በጣቴ አሳየሁ።

አንድ ሽማግሌ “ይኼ ልጅ መሬቱን ከኛ ይልቅ ያውቀዋል ልበል?” አሉ።

“መሬቱንስ እኛ እናውቀዋለን፣ እንጨቱን ነው የሚያውቀው” አለ የእማማ ወንድም፣ ነገር የማያሳልፍ ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ቆይ፣ የእህቴ ቤት ተርፏል ነው የምትለኝ?”

“በአንድ ሜትር ተርፏል። ራሴ ነኝ የለካሁት።”

“ራስህ?”

“ራሴ።”

ያኔ እማማ “እንግዲያ ችካሉን የሚነካ ይገዘትልኝ፤ ቢያንቀሳቅሱት ወደኔ ነው የሚመጣው” አሉ። ሰው ሁሉ ይሁን አለ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ችካሉን የነቀለ፣ ያዛወረ፣ ያስነቀለ ሁሉ የተገዘተ ይሁን ብለው በታቦቱ ስም ገዘቱ። ሕዝቡ አሜን አለ። የእማማ አሜን ከአጠገቤ ነበርና ጎልቶ ተሰማኝ። ከዚያች ቀን በኋላ አንዲት ችካል አልጠፋችም። አውራ በጓን ያሰረችው ሴት እንኳ ቀይዋን ችካል ተሸክማ መለሰች።

በሳምንቱ እማማ ቤታቸውን ከደኑ። ወንድማቸው ጣሪያው ላይ፣ እኔ ከታች ሣር አቀባይ። ያማረ ቤት ወጣው።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ማሽኖቹ መጡ። ከነሱ ጋር የመጣው ፎርማን ማንንም አላናገረም። ከችካሉ ጎን ተንበርክኮ ጀርባውን አነበበ፤ ሜትሩን ዘረጋና ወደ ላይ፣ ወደ እማማ ቤት፣ መራመድ ጀመረ። ተከተልሁት። ግድግዳው ጋ ሲደርስ “አሥራ አንድ” አለ፤ በሩን አልፎ ገባ፤ ከምሰሶው ሥር ቆመ። “አሥራ አራት። መሐል መስመሩ እዚህ ነው።”

“መሐል መስመሩ ችካሉ አይደለም?” አልሁት።

“ችካሉማ ምስክር ነው” አለ። “መሐሉ ላይ የተተከለውን ማሽን ስለሚበላው፣ ከሥራው ዳር ወጣ አድርገው ይተክሉና ርቀቱን ጀርባው ላይ ይጽፋሉ። ማን ነው መሐል መስመር ያለህ?”

እማማ ከምድጃው ዳር ቆመው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል።

በማግስቱ ሞላሌ ወርጄ ቀያሹን ሻይ ቤት አገኘሁት። ተነሥቶ ሊስመኝ ሲል ወደ ኋላ አልሁ። ወዲያው ገባው።

“ተቀመጥ” አለኝ። “እውነቱን ብናገር ኖሮ ከዚያ ቤት በታች የተተከለ ችካል አንድ ሌሊት ያድር ነበር?”

“ለኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?”

“ላንተ?” ሳቀ፤ እንደ ድሮው፣ ክፋት በሌለው ሳቅ። “አንተ እኮ ያወቅኸውን ሳታስረዳ እንቅልፍ አይወስድህም! ስለዚህ የምታስረዳውን ሰጠሁህ። ግዝቱን ግን እኔ አላሰብሁትም፤ እሱ የናንተው ነው። ደግሞ ሴትዮዋ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል።”

“ሣሩንስ?”

“የምን ሣር?” አለኝ። ከልቡ አያውቅም ነበር። አልነገርሁትም፤ በሕይወቴ ማስረዳት ያቃተኝ ያን ቀን ነው።

ስመለስ የእማማ ወንድም ትንሿን መጥረቢያውን፣ ጥልቆውን ይዞ ማሳው ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ እማማ ከፊቱ። “ልንቀለው! ፎርማኑ ሌላ ምልክት የለውም፤ አንድ ዓመት ይዘገያል፣ እስከዚያ ጩኸን እናስቀይሰዋለን!” ይላል።

“አሜን ብለሃል” ይሉታል።

“ተታልዬ ነው አሜን ያልሁት!”

“አሜን አሜን ነው። ግዝቱ አንተን ከነጠቀኝ ቤቱ ምን ያደርግልኛል?”

ጥልቆውን መሬት ላይ ወርውሮ አጠገቤ ሲያልፍ “ራስህ ነበርህ የለካኸው” አለኝ።

ወደ እማማ ቀርቤ አላውቅም ነበር አልሁ። እሱ እንዳታለለኝ፣ የቁጥሩን ነገር ጠይቄው እንደነበረ፣ የምስክር ችካል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉ መናገር ጀመርሁ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

“ካላወቅህ ለምን አስረዳኸኝ?” አሉኝ።

ቅዳሜ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ክዳኑን አወረደ። አብዛኛው ጓሳ እንደተባለው ተሰባበረ፤ ነፋሱ ማሳው ላይ በተነው። መሰላሉን ለመያዝ ብጠጋ አንድ ሰው ከእጄ ወሰደው። ወደ ትምህርት ቤት ሄድሁና ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ እስኪመሽ ፈተና ሳርም ዋልሁ።

ስወጣ ፍራሼና ሳጥኔ ከእማማ ግቢ መጥተው ከክፍሉ በር ጎን ተቀምጠዋል። ያመጣው ሰው ሳይጠራኝ ተመልሷል። ፍራሹ እንዳይቆሽሽ ከሥሩ ደረቅ ሣር ተነጥፎለታል፤ ያልተሰባበረ፣ ረጃጅም ጓሳ ነበር።