ሜርኩሪው ወደ ነበረበት ይመለስ

ባለቤቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን የድሮው የአስተዳደር ኃላፊያችን ለቅሶ ደረሰ። ሸምግሏል፤ ከዘራ ይዟል። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ተለቀቀለትና ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «የሕዝብን ንብረት እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው ነበር» አለ። የተቀመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ያቺ «እግዜር ይስጥልኝ» ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክታለች። እሷን ላወጣ ነው የምጽፈው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ስናደድ ደግሞ እጄ መስመሩን ይስታል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አዳማ ነው። እኔና ባለቤቴ የከብት ክትባት በሚዘጋጅበት የመንግሥት ላቦራቶሪ እንሠራ ነበር። እኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ እሱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል። ክፍል ይባል እንጂ ክፍሉ እሱ ብቻ ነበር። በአንድ በኩል እስከ አዳሚ ቱሉ፣ በሌላ በኩል እስከ ሁሩታ ያለው ከብት የሚከተበው እሱ በጠገናቸው ማሽኖች በተዘጋጀ ክትባት ነበር። ገጠር ወጥቶ ላም ሲያይ፣ «ይቺን እኮ አውቃታለሁ» ብሎ ይቀልድ ነበር።

ከንጉሡ ጊዜ የቀረ አንድ ትልቅ ክትባት ማድረቂያ ማሽን ነበረን። ከብዙ ጥገና በኋላ አልነሳ አለ። በምትኩ ከሶሻሊስት አገር አዲስ መጣና አሮጌው ከሌሎች ከተበላሹ መሣሪያዎች ጋር በግቢው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጣለ። የመንግሥት ንብረት ግን ቢበላሽም አይሞትም። ኮሚቴ ተሰብስቦ ከመዝገብ እስኪሰርዘው ድረስ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል።

ባለቤቴን ያሳሰበው የማሽኑ ሆድ ነበር። በኤሌክትሪክ ሣጥኑ ውስጥ ጣት የሚያካክሉ የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት። የአየር ግፊቱ የሚለካበት መስታወት ደግሞ ከቱቦዎቹ ሁሉ የበለጠ ይይዛል። ትራንስፎርመሩ በዘይት የተሞላ ነው። ማሽኑን የተከለው ፈረንጅ፣ «ይህ መስታወት ከተሰበረ መጀመሪያ መስኮት ክፈት፤ ከዚያ ውጣ፤ ማሰቡን ደጅ ሆነህ ታስባለህ» ብሎት ነበር። የእኛ ዘበኛ ግን የትራንስፎርመሩን ዘይት በጣሳ እየቀዳ ለቁርጥማቱ ጉልበቱን ይታሽበት ነበር። ባለቤቴ አይቶት ጣሳውን ቀማው። ሽማግሌው አንድ ወር አኮረፈው።

የተበላሹት መሣሪያዎች በሐራጅ ይሸጡ ተባለ። ባለቤቴ ደብዳቤ ጻፈ፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሜርኩሪውና ዘይቱ አስቀድሞ ይውጣ፣ በደንብ ታሽጎ የሚያስወግደው እስኪገኝ ድረስ በግቢው ውስጥ በሲሚንቶ ጉድጓድ ይቀመጥ የሚል ነበር። መልስ አልመጣም። ደግሞ ጻፈ። አሁንም መልስ የለም። የሐራጁ ቀን ሲቃረብ በራሱ አወጣው። ሜርኩሪውን በወፍራም የክትባት ጠርሙሶች ከፋፈለው፤ ከላዩ ውኃ አደረገበት፤ በጎማ ክዳን ዘግቶ ክትባት በሚታሸግበት ቆርቆሮ አሸገው። ጠርሙሶቹን በርሜል ውስጥ አሸዋ መሐል ደረደራቸውና በርሜሉን ቆለፈ። ዘይቱን በሌላ በርሜል አደረገ። በሁለቱም ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ማታ ራቱን ጠግቦ እንደበላ አስታውሳለሁ።

የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ማሽኑን ከመግዣ ሰነዱ ጋር ሊያመሳክር መጣ። ሰነዱ ላይ የሜርኩሪው ክብደት ተጽፏል። ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።

«ጎድሏል» አለ ሰብሳቢው።

«አልጎደለም፣ ጓድ ሰብሳቢ። በርሜል ውስጥ ነው።» ባለቤቴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በርሜሉ በመዝገብ አለ?»

«የለም። እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት።»

«በመዝገብ በሌለ በርሜል ውስጥ ያለ ነገር፣ የለም ማለት ነው።»

የግምጃ ቤት ኃላፊው ሳቀ። «ምነው፣ ወርቅ ልታነጥርበት አስበህ ነው? አዶላ መውረድ አማረህ?»

ከበላይ የተመደበው ካድሬ አልሳቀም። «ማን አዘዘህ?» አለው። «ጌታህ ነው ያዘዘህ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ገባው። እኛ ጴንጤዎች ነን። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር፤ ባለቤቴም ባለፈው ዓመት በሰው ቤት ሲጸልይ ተይዞ ሦስት ሳምንት ቀበሌ ታስሮ ወጥቷል።

«ማንም አላዘዘኝም። ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አጣሁ።»

«መልስ ማጣትም መልስ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«ይህ ነገር መርዝ ነው። የሚገዛው ሰው ብረቱን ሊያቀልጥ እሳት ላይ ይጥለዋል። ጭሱን ከነልጆቹ ይምገዋል።»

«የገዢው ጉዳይ የገዢው ነው። የእኛ ጉዳይ ንብረቱ በመዝገቡ ልክ ተሟልቶ መውጣቱ ነው።»

ውሳኔውን ሰብሳቢው ቃል በቃል ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኩ። «በማሽኑ ላይ የታየው ጉድለት በአምስት ቀን ውስጥ ተሟልቶ ሜርኩሪው ወደ ነበረበት ይመለስ። ይህ ባይሆን ጉዳዩ በኢኮኖሚ አሻጥር ለሚመለከተው አካል ይተላለፍ።» ከሰዓት በኋላ በካርቦን በአራት ቅጂ ተየብኩት። አንድም ፊደል አልሳትኩም። ባሌን ወደ መርዝ የሚመልሰውን ወረቀት ሳዘጋጅ አንድም ፊደል አለመሳቴን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ቤት ስንገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «አልመልስም» አለኝ።

«በአሻጥር የተያዘ ሰው የት እንደሚገባ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሜርኩሪው ካንተ ይበልጣል?»

«ከእኔ አይበልጥም። እኔም ግን ማሽኑን ከሚገዛው ቀጥቃጭ ልጆች አልበልጥም።»

«የቀጥቃጩን ልጆች አላውቃቸውም» አልኩት። «የማውቀው የራሴን ነው።»

ለሦስት ቀን ይህንኑ እየደጋገምኩ ነዘነዝኩት። አለቀስኩበት። ልጆቹን አጠገቡ አስቀመጥኩበት። በአራተኛው ቀን ጠዋት «እሺ» አለና ወጣ። ኮሚቴው ፈረደ እንጂ ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ።

ሲመልስም እንደፈለገው አልተዉትም። ማሽኑ ግምጃ ቤት ገባ፤ ከሜርኩሪው እንዳይወሰድ ተብሎ እሱ ውስጥ እያለ በሩ ከውጭ ተቆለፈ። መስኮቱ ድሮም በጣውላ የተመታ ነው። በአዳማ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ያሸጋቸውን ጠርሙሶች እየከፈተ ሁለት ቀን ሙሉ ሜርኩሪ ሲቀዳ ዋለ። የግምጃ ቤት ኃላፊው በር ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጦ፣ «ኢንጂነር፣ ስንት ቀረህ?» እያለ ይጠይቀው ነበር። ማታ ቤት ሲገባ፣ «አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል» አለኝ። ወተት ሰጠሁት። ከዚያ የተሻለ የማውቀው አልነበረም።

ሐራጁ ተካሄደ። ሰነዱ ሙሉ ነው፤ ሁሉም ፈረመ። ማሽኑን የገዛው ከገበያው ጀርባ ብረትና አሉሚኒየም እያቀለጠ ድስት የሚሠራ ሰው ነበር። በሁለት ጋሪ አስጭኖ ወሰደው። ጋሪው የድንጋዩን መንገድ ሲያልፍ የመስታወቱን መንቋቋት እኔም ቢሮዬ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ባለቤቴ ሰውየው ቤት ሄደ። ሰውየው የሚያብረቀርቀውን ነገር አይቶ ከማሽኑ አውጥቶት ኖሯል፤ በአረቄ ጠርሙስ አድርጎ አልጋው ሥር አስቀምጦታል። የተነጋገሩትን ባለቤቴ እንደ ገባ ነገረኝ።

«ይህን ነገር ይስጡኝ» አለው።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ ቤቴ ድረስ ከመጡለት ጥሩ ነገር ነው ማለት ነው።»

«መርዝ ነው።»

«መርዝ ከሆነ ምን ያደርግልዎታል?»

«እቀብረዋለሁ።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «የሞተ ዘመድ አደረጉት እንዴ?» ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲህ መንግሥት በሐራጅ መርዝ ይሸጣል ነው የሚሉኝ?» አለው።

አጠገባቸው ጎረቤቶች ቆመዋል። «አዎ፣ ይሸጣል» ማለት በዚያ ዘመን ራስን ማስያዝ ነው። ባለቤቴ «አይሸጥም» ብሎ ወጣ። ይህን ሲነግረኝ እጁን እየደጋገመ ይታጠብ ነበር። ሰውየው ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀብት እንዳገኘ እርግጠኛ ሆነ። ከአዲስ አበባ ወርቅ ሠሪ መጥቶ እስኪያይለት ይጠብቃል ተባለ።

እዚህ ላይ ለባለቤቴ ሳልነግረው የቀረሁትን ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ሰውየው ቤት ሄድኩ። እሱ አልነበረም። ሚስቱ፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት፣ ደጃፏ ላይ ድስት ታጥባለች።

«አከም ጅርቱ?» አልኳት።

«ደኅና ነን፣ እትዬ። ይግቡ።»

«አልገባም። ባልሽ ከሐራጁ የገዛው ነገር ፋይሉ አልተዘጋም። ለቆጠራ ሊመጡ ይችላሉ። ያ ጠርሙስ ከተገኘ ባልሽ ይያዛል።»

እጇ ድስቱ ውስጥ ቀረ። «እኛ እኮ በሐራጅ ነው የገዛነው።»

«አውቃለሁ። ማሽኑን ይጠግን ለነበረው ሰው ይመልስለት በይው፤ ያኔ ምንም አይደርስባችሁም።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነኝ።»

ከተናገርኩት ውስጥ እውነቱ ይኸኛው ብቻ ነበር። እውነት ባልሠራበት ቤት ፍርሃት ይሠራል ብዬ ነው። ሠራበትም። ሴትዮዋ ባሏን እንኳ አልጠበቀችም። እኔ ከሄድኩ በኋላ ጠርሙሱን አውጥታ ከቤታቸው ጀርባ የዝናብ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ደፋችው። የሰፈሩ ልጆች «ብር፣ ብር» እያሉ ጠብታውን በመዳፋቸው ሲያሯሩጡ ዋሉ። ባለቤቴ የሰማው ከዘበኛው ነው፤ በዘይቱ ያኮረፈው ሽማግሌ ከሥራ መልስ ይዞት ሄደ።

ከዚያ ለብዙ ቅዳሜ ባለቤቴ ቦይ ውስጥ ተንበርክኮ ጠብታ ለቀመ። ወፍራም ወረቀት ይዞ ይገፋል፤ የክትባት መርፌ ይዞ ይስባል፤ አፈሩን በጣሳ ይዝቃል። ጎረምሶች «ብር ለቃሚው» የሚል ስም አወጡለት። ሴትዮዋ ደጇ ላይ ቆማ ታየዋለች እንጂ አትቀርበውም። ከዚያ ሁሉ ያገኘው ምን ያህሉን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። የቀረው ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወሰደው።

አንድ ቀን ራት ላይ፣ «ማን አስፈራርቷት እንደሆነ እንጃ፤ ብጠይቃትም አትነግረኝም» አለኝ። «ዝም ቢሏት ኖሮ አልጋ ሥር ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ባሏን አሳምኜ እወስደው ነበር።»

እኔ ተነስቼ ውኃ ቀዳሁለት።

ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፤ ልንገረው ብዬ አልነገርኩትም። በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ካቻቢቴ መያዝ አቃተው። መጨረሻ ላይ ኩላሊቱ ነው ተባለ። ሜርኩሪው ነው ብዬ አልጽፍም፤ ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪሞቹም አላሉም። ያንን በር ከውጭ የቆለፈውን፣ እንዲቆለፍ ያዘዘውን፣ «ግባ» ብላ ያለቀሰችበትን ግን አውቃለሁ። ያስፈራራኋት እኔ ነኝ። ለሱ መንገር የነበረብኝን ለወረቀት ነገርኩ።

ከቦዩ የለቀመው አሁንም አለ። የሚረከበው መሥሪያ ቤት ስላጣ በጠርሙስ አሽጎ፣ ከነአፈሩ፣ በግቢያችን በምሥራቁ ጥግ ከአጥሩ ሥር ቀብሮ ሲሚንቶ አፈሰሰበት። ከሞተ በኋላ የሚወስድልኝ ፍለጋ ሦስት ቢሮ ሄጃለሁ። አንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ላከኝ፤ ሦስተኛው «ሰነድ አለው?» አለኝ። ልጆቼ ቤቱ ይሸጥ ይላሉ፤ እኔም ብቻዬን አልችለውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ገዢ መጣ። ቤቱን ወደደው፤ ጓሮው ላይ ሰርቪስ እሠራለሁ አለ። ሴት ልጄ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሰውየውን ይዤ ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄድኩና ሲሚንቶው ሥር ምን እንዳለ፣ ማን እንደቀበረውና ለምን መቆፈር እንደሌለበት ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ፤ አልተመለሰም። ልጄ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች። ነገ ሌላ ሰው ይመጣል ተብሏል። ለእሱም እነግረዋለሁ።