የፈረምኩበት እንሰት

ትናንት ሆሳዕና ከተማ ባጃጄ ውስጥ ሁለት ኬሻ ማዳበሪያ ጭኜ ነበር። የማዳበሪያው ባለቤት ሽታው ሲሰነፍጣቸው ሸራውን ግለጥልኝ አሉኝ። ገለጥኩ። የኔ ሐሳብ ግን ያደግኩበት ሞርሲቶ ሄዷል፤ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጬ ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር እጣላ ወደነበረበት ዓመት።

ያን ዓመት አጠውልግ የሚሉት በሽታ እንሰታችንን ጨረሰው። እማዬ ብቻዋን እየነቀለች ቀበረችና መሬቱን ለስንዴ አሳረሰችው። እኛ አገር ደግሞ ጓሮው ባዶ የሆነ ቤት፣ ሰው ባይናገርም፣ ቤት አይባልም። እማዬ ቆጮ ከገበያ ገዝታ ስትመጣ ከላይ ጎመን ታለብሰው ነበር፣ ሰው እንዳያይ። እኔም እየበላሁ አፍር ነበር። እያፈርኩም ግን ድገሚልኝ እል ነበር።

ሰኔ ላይ መንግሥት የደጎመው ማዳበሪያ ቀበሌ ገባ ተባለ። የነጋዴው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም፤ ያለ ማዳበሪያ ደግሞ የኛ መሬት ስንዴ አይሰጥም። ጭቃው ጫማ እየነቀለ ሄደን ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ የግብርና ባለሙያው መዝገቡን ገለጠና የላችሁም አለን። ለስንዴ መሬት ብቻ ነው የመጣው፣ የናንተ እንሰት ነው የሚለው አለ።

እኔ አፌን መቼ እይዛለሁ። ቢሮ ቁጭ ብለህ ነው የጻፍከው አልኩት፤ ጭቃ ረግጠህ አታውቅም ብዬ ጫማውን ሳይቀር ሰደብኩት። ሰልፉ ሳቀ። ባለሙያው ግን አልተቆጣም፣ መዝገቡን ወደኔ አዞረው።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

የኔ ነው። መጋቢት ላይ የቀበሌው የማሳ መዝጋቢዎች ሲመጡ እማዬ ገበያ ነበረች። ጓሮውን እንዳያዩት በር ላይ ቆምኩ። ምን አላችሁ ሲሉኝ ባዶ ነው ማለት አቃተኝ፤ ሙሉ እንሰት ነው ብዬ ፈርሜ ሸኘኋቸው። እነሱም ዝናብ መጥቶባቸው ሳያዩ ሄዱ።

እማዬ ማንበብ ባትችልም ፊርማዬን ታውቀዋለች። እሱን አየች፣ ከዚያ እኔን። ዝም ብል ስንዴው ቀረ። ብናገር መንደሩ ሁሉ ሰማ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሌላ ድምፅ የለኝም። «እንሰታችን አልቋል። አንድ እግር አልቀረልንም። ቆጮ የምንበላው ገዝተን ነው።»

እማዬ ቀና እንዳለች ናት። ከኋላችን የቆመው ጎረቤታችን ጋሽ ኤርሲዶ፣ ስለ እንሰቱ ሲያወራ ሰው የሚያሰለች ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኛም ግማሹ ሄዷል» አለ ባለሙያውን። «ወደነሱ ስትሄድ የኔንም ጓሮ እይልኝ፣ ልጄ።»

ከሱ ቀጥሎ አንዲት ሴትዮ «የኛም» አለች። ከዚያ ሌላው። ለካ መንደሩ በሙሉ ጎመን ሲያለብስ ነው የከረመው።

ባለሙያው ከሰዓት ገመድ ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ እማዬ፣ ሌላውን እኔ ይዘን መሬቱን ለካን። የሰደብኩት ጫማ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቀረበት፤ አውጥቼ አጥቤ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ማዳበሪያችንን ወሰድን። በጓሮ የሚያሳጥር መንገድ ነበረ፣ እኔ ግን ኬሻውን ተሸክሜ በመንደሩ መሃል አለፍኩ። ኅዳር ላይ ስንዴያችንን መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር።

አሁንም አፈኛ ይሉኛል፣ አልዋሹም። በስድብ ያሸነፍኩትን ሰው ግን አንዱንም አላስታውስም። የምኮራው በዚያን ቀን በተናገርኩት ነው።

ባለፈው ወር እማዬ ጋ ሄጄ ሳለ የማሳ መዝጋቢዎቹ መጡ። እማዬ ቤት ነበረች፣ ራሷ መልስ መስጠት ትችል ነበር። ወደኔ ጠቆመቻቸው።

«ልጄን ጠይቁት» አለች። «እሱ ያለውን ጻፉ።»